የባሕር ትራውት አጥማጁና ባዶ እጁን የተመለሰበት ቀን

ባለፈው ሴሚስተር በፊቸር አጻጻፍ ኮርስ ላይ አንድ ክርክር ተነስቶ ነበር፤ «የመዝናኛ ዓምድ ጋዜጠኝነት ነው ወይስ ገጽ መሙያ?» የሚል። አብዛኛው የክፍላችን ልጅ ገጽ መሙያ ነው አለ። እኔ ከጥቂቶቹ ወገን ነበርኩ። መምህራችንም «እንግዲያው ያልከውን በአንድ ጠባብ ርዕስ አሳየን» አሉኝ። የመረጥኩት ርዕስ ጓደኞቼን አስቋቸዋል፤ በደቡብ አትላንቲክ ውስጥ ወዳሉት የፎክላንድ ደሴቶች ለሥራ የሚሄዱ ሰዎች በትርፍ ሰዓታቸው ስለሚያጠምዱት የባሕር ትራውት ነውና። «አንተ ባሕር አይተህ ታውቃለህ?» ያለኝም አልጠፋም። ባሕር አላየሁም። ትራውት ግን አይቻለሁ፤ ያደግሁት ባሌ ነው። የባሌን ነገር ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ዋና ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ሰው ለመዝናናት የሚሠራውን ነገር ሲጽፍ ምኑን ይጽፋል፣ ምኑንስ ይተወዋል? የተተወው ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ ከዚህ ዓሣ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ቦታው

የፎክላንድ ደሴቶች ከአርጀንቲና ጠረፍ ወደ ምሥራቅ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይገኛሉ። ምሥራቅ ፎክላንድና ምዕራብ ፎክላንድ የሚባሉ ሁለት ትላልቅ ደሴቶችና በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሾች ናቸው። የቆዳ ስፋታቸው በድምሩ 12,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ነዋሪው ግን ወደ 3,500 ሰው ብቻ ነው። ከሰው በጉ ይበዛል፤ በጉ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ይጠጋል። አብዛኛው ሰው የሚኖረው በዋና ከተማዋ በስታንሊ ነው። ከስታንሊ ውጭ ያለውን ገጠር ሁሉ «ካምፕ» ይሉታል፤ ድንኳን የተተከለበት እንዳይመስላችሁ፣ ቃሉ ገጠር ከሚለው የስፓኒሽ ቃል የመጣ ነው። በተፈጥሮ የበቀለ ዛፍ የለም። ነፋስ ግን አለ፤ ያውም የማያቋርጥ።

ደሴቶቹ የብሪታንያ ግዛት ናቸው፤ አርጀንቲና ደግሞ ማልቪናስ ብላ የእኔ ናቸው ትላለች። በ1982 ሁለቱ አገሮች ከሚያዝያ 2 እስከ ሰኔ 14 ተዋግተውባቸዋል። ከጦርነቱ በኋላ ብሪታንያ ብዙ ወታደር አስቀመጠች፤ በ1985 ደግሞ ሞውንት ፕሌዛንት የተባለው የአየር ኃይል ሠፈር ተከፈተ። የሠፈሩ ሕንጻዎች በአንድ በጣም ረጅም ኮሪደር የተያያዙ ናቸው፤ ሰው ከነፋሱ ተሸሽጎ ከመኝታው ወደ ሥራው፣ ከሥራው ወደ መመገቢያው በውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። ከብሪታንያ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ በመሐል ነዳጅ መቅጃውን ጨምሮ 18 ሰዓት ያህል በአውሮፕላን መጓዝ ያስፈልጋል። ወታደሩ በአብዛኛው ለጥቂት ወራት ይመደብና ይመለሳል። ከወታደሩ ሌላ የኮንትራት ሠራተኛውም ብዙ ነው፤ ከሴንት ሄለና ደሴት የመጣ አለ፣ ከቺሊ የመጣ አለ።

ከአፍሪካም የሄዱ አሉ። በ1982 ጦርነት የተቀበረውን ፈንጂ ከ2009 እስከ 2020 ሲያመክኑ ከነበሩት ባለሙያዎች ብዙዎቹ ዚምባቡዌያውያን ነበሩ። ሥራው የተጠናቀቀው በኅዳር 2020 ነው። በነገራችን ላይ ፈንጂ በተቀበረባቸው የባሕር ዳርቻዎች ፔንግዊኖች በሰላም ይኖሩ ነበር፤ ክብደታቸው ፈንጂውን ለማፈንዳት አይበቃማ። ሰው እንዳይገባ የታጠረው አጥር ለእነሱ ጥበቃ ሆነላቸው።

እንዲህ ባለ ቦታ ሥራ ሲያልቅ ምን ይደረጋል? ቤተሰብ ሩቅ ነው፣ ከተማዋ አንዲት ናት። ብዙው ሰው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዞ ወደ ወንዝ መውጣት የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው። ባገሩ ሳለ መንጠቆ ነክቶ የማያውቀው ሰው ሁሉ እዚያ ሲደርስ አጥማጅ ይሆናል።

ዓሣው

ለእኛ አገር አንባቢ ዓሣ ሲባል ቶሎ የሚመጣለት ቆሮሶና አምባዛ ነው፤ ያውም በጾም ሰሞን። ትራውት ቀዝቃዛና ንጹሕ ውኃ የሚወድ፣ ሥጋው የተወደደለት የአውሮፓ ዓሣ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሳልሞ ትሩታ ይባላል። አስገራሚው ነገር ወዲህ ነው፦ «የባሕር ትራውት» እና «ቡናማ ትራውት» እየተባሉ የሚጠሩት ሁለት ዓሦች አንድ ዝርያ ናቸው። ከአንድ እናት፣ በአንድ ወንዝ ከተፈለፈሉት መካከል አንዳንዱ ዕድሜውን በሙሉ ወንዙ ውስጥ ይኖራል፤ ሌላው አንድ ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከቆየ በኋላ ወደ ባሕር ይወርዳል። የቀረው ቡናማና ጠቃጠቆ እንደሆነ ይኖራል። የሄደው የብር መልክ ያወጣል፣ እዚያ ትንንሽ ዓሣና ሽሪምፕ መሳይ ነፍሳት እየበላ ይደልባል፤ ከዚያም እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዝ ይመለሳል። ስንቱን ጊዜ ወርዶ ስንቱን ጊዜ የሚመለስም አለ።

ይህ መልክ የመቀየር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በወንዝ ውስጥ የዓሣው ሰውነት ከውኃው ይልቅ ጨዋማ ስለሆነ ውኃ በራሱ ጊዜ ይገባበታል፤ ኩላሊቱ ያለ ዕረፍት ቀጭን ሽንት እያወጣ ያስተነፍሰዋል። ባሕር ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። አሁን ባሕሩ ከእሱ ጨዋማ ነው፣ ውኃ ከሰውነቱ ይወጣል። ስለዚህ ዓሣው የባሕር ውኃ ይጠጣል፣ ትርፉን ጨው ደግሞ በሚተነፍስበት ስንጥብ በኩል ወደ ውጭ ይገፋል። ይህን ለማድረግ ሰውነቱ አስቀድሞ፣ ገና ወንዝ ውስጥ ሳለ መዘጋጀት አለበት። ሳይዘጋጅ የወረደ ይሞታል።

ወደ ባሕር ከሚወርዱት የሚበዙት ሴቶቹ ናቸው። ምክንያቱ ሲነገር ቀላል ይመስላል፦ ሴቷ በገዘፈች ቁጥር የምትጥለው እንቁላል ይበዛል፤ ለመግዘፍ ደግሞ የባሕር ምግብ ያስፈልጋል። ወንዱ ግን ትንሽም ሆኖ ዘር መስጠት ስለሚችል ብዙ ጊዜ እዚያው ወንዙ ላይ ይቀራል።

የሚሄድና የሚመለስ ዓሣ በእኛም አገር እንግዳ አይደለም። የጣናው ቢልጫ ባሕር ባይኖረውም በክረምት ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ጉማራና ርብን ወደመሳሰሉት ገባር ወንዞች ወጥቶ እንቁላሉን ይጥላል። መረብ የያዘ ሰው የወንዙን አፍ ይዞ ቢጠብቀው አንድም አያመልጠውም፤ ለዚህም ነው የጣና ቢልጫ ጉዳይ ባለሙያዎችን ሲያሳስብ የኖረው።

ማጥመዱ

ትራውት ለፎክላንድ ባዕድ ነው። ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከቺሊና ከብሪታንያ የመጣ እንቁላል ተፈልፍሎ ወንዞቹ ውስጥ ተለቀቀ። ብዙም ሳይቆይ ከተለቀቁት አንዳንዶቹ የባሕሩን መንገድ አገኙት። ዛሬ በምሥራቅ ፎክላንድ የሳን ካርሎስና የማሎ ወንዞች፣ በምዕራቡ ደግሞ የዋራና የቻርትረስ ወንዞች በአጥማጆች ዘንድ የታወቁ ናቸው። በ1992 ከማሎ ወንዝ የወጣው አንድ የባሕር ትራውት ከ10 ኪሎ በላይ መዝኗል። ይህች ቁጥር ስለ ፎክላንድ ዓሣ ማጥመድ የተጻፈ ነገር ሁሉ ላይ ትገኛለች።

የማጥመጃው ወቅት ከመስከረም 1 እስከ ሚያዝያ 30 ነው። የእነሱ ጥር በጋ መሆኑን አስታውሱ። ወፍራም፣ ከባሕር በትኩሱ የገባ ዓሣ የሚፈልግ ሰው በተለይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያሉትን ወራት ይመርጣል። መሬቱ የበግ አርቢዎች ይዞታ ስለሆነ አስቀድሞ ባለቤቱን ማስፈቀድ ግድ ነው። ከዚያ መኪና፤ አስፋልቱ ሲያልቅ ኮረት፣ ኮረቱ ሲያልቅ ረግረግ። መኪና ረግረግ ውስጥ ሰጥሞ ቀኑን ሙሉ ሲገፉ መዋል የማጥመዱ አንዱ ክፍል ነው ማለት ይቻላል።

ወንዙ ጋ ሲደረስ ዋናው ዕውቀት ሰዓት ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሲሞላ የጨው ውኃው ወደ ወንዙ አፍ ይገፋል፤ ዓሣውም አብሮ ይገባል። ስለዚህ አጥማጁ የሚቆመው ወንዙና ባሕሩ በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ውኃው መሙላት ሲጀምር አብሮት ወደ ላይ እየሄደ ይጥላል። ውኃው ከበሰበሰ ሣር በተሠራው ጥቁር አፈር ላይ አልፎ ስለሚመጣ ቀጭን ሻይ ይመስላል። ከላባና ከክር የተሠራች ሰው ሠራሽ ዝንብ የሚጥል አለ፤ ነፋሱ ሲያስቸግረው ማንኪያ የመሰለች የምታብለጨልጭ ብረት የሚወረውር አለ። ብረቷ ከበድ ስለምትል ነፋሱን ሰንጥቃ ትሄዳለች። ለክብር ዝንብ ይሻላል የሚሉ አሉ። እኔ ግን በዚያ ነፋስ ብረቷን በያዘው ሰው አልፈርድም።

ደብተሩ

ይህን ሁሉ ሳነብ አንድ ነገር እየደጋገመ ገረመኝ። አጥማጅ የሚጽፈው የያዘበትን ቀን ነው። ያልያዘበት ቀን የለም። ፎቶው ላይ ዓሣ አለ፤ ያለ ዓሣ ፎቶ የተነሣ ሰው አታዩም። ይህ ሰዋዊ ነው፤ ባዶ እጅ ተመልሶ ማውራት ማን ይወዳል? ነገር ግን መረጃው በሙሉ ያለው እዚያ ያልተጻፈው ቀን ላይ ነው።

ለምሳሌ እንበልና የአንድ ሠፈር ሠራተኞች በመጀመሪያው ዓመት 20 ዓሣ ያዙ። በሁለተኛውም ዓመት 20 ያዙ። የመዝናኛ ዓምድ አዘጋጁ «ዘንድሮም እንደ አምና» ብሎ ይጽፋል። አሁን ሰዓቱን ጨምሩበት። በመጀመሪያው ዓመት 20ው የተያዘው በ40 ሰዓት ነው፤ በሁለተኛው ግን በ100 ሰዓት። ማለትም አምና በሁለት ሰዓት አንድ ይያዝ የነበረው ዘንድሮ በአምስት ሰዓት አንድ ሆነ። ወንዙ ላይ አንድ ነገር ደርሷል። ዓምዱ ግን ምንም አልተለወጠም ብሏል፤ ያውም የተጻፈው ቁጥር ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ! የዓሣ ሀብት ባለሙያዎች ከተያዘው ብዛት ጋር የተደከመበትን ጊዜ አንድ ላይ የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ባዶ እጅ የተመለሱባቸው ሰዓታት ካልተጻፉ ስሌቱ አይሠራም።

ይህ ነገር እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። ዜና የሚሆነው የሆነው ነገር ነው። «ውኃ ጠፋ» እንጂ «ውኃ አልጠፋም» ተብሎ አይጻፍም፤ መጻፍም የለበትም፣ ማን ያነበዋል? ነገር ግን የጋዜጠኛው ደብተር ከጋዜጣው የተለየ ነገር ነው። ስድስት ቢሮ ዞሬ አምስቱ መልስ አልሰጡኝም የሚለው ሐቅ ጋዜጣው ላይ ባይወጣ እንኳ ደብተሩ ላይ ካልሰፈረ፣ ያቺ መልስ የሰጠችው ስድስተኛዋ ቢሮ የሁሉም ድምፅ መስላ ትቀርባለች። ይህን በክፍል ውስጥ ስናገር አንድ ጓደኛዬ «አንተ የዓሣ ሒሳብ ነው የምታስተምረን» አለኝ። አዎ፣ የዓሣ ሒሳብ ነው።

ባለ ዝንጉርጉሩ ዓሣ

ትራውቱ ከመምጣቱ በፊት የፎክላንድ ወንዞች ባዶ አልነበሩም። አንዱ ነባር ዓሣ ሰውነቱ ላይ ሰንበር ስላለው የሜዳ አህያ ትራውት ተብሎ ተሰይሟል። ስሙ ያሳስታል፤ ትራውት አይደለም፣ ከትራውት ጋር ዘመድም አይደለም። አውሮፓውያን ሰፋሪዎች በሚያውቁት ዓሣ ስም ጠሩት እንጂ። ትራውት ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ዓሣ ከብዙ ወንዞች ጠፍቷል። ትራውቱ ምግቡን ይሻማዋል፤ ሲያገኘውም ይበላዋል። ዛሬ በዋናነት የሚገኘው በምሥራቅ ፎክላንድ ደቡባዊ ክፍል፣ ላፎኒያ በሚባለው አካባቢ፣ እንዲሁም በምዕራቡ ደሴት ደቡብ በኩል ነው። በ1999 የወጣው የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ እንዳይያዝ ይከለክላል።

እዚህ ላይ ነው የባሕር ትራውት ጠባይ ወሳኝ የሚሆነው። ወንዙን የማይለቅ ዓሣ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በተለቀቀበት ወንዝ ይወሰን ነበር። ይህኛው ግን ባሕሩን መንገድ አድርጎ ማንም ሳይሸከመው ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ይሻገራል። ሰው በጥቂት ወንዞች ለቀቀው፣ የቀረውን እሱ ራሱ ጨረሰው።

እና ነባሩ ዓሣ ከየትኛው ወንዝ መቼ ጠፋ? በየወንዙ እንዲህ ያለ መዝገብ እንዲኖር በጊዜው አንድ ሰው «ዛሬ ሄጄ አንድም አላየሁም» ብሎ መጻፍ ነበረበት። አጥማጁ የሚፈልገው ግን ትልቁን ትራውት ነው። ትንሹን ነባር ዓሣ የሚፈልግ ከሌለ መጥፋቱንም የሚያይ የለም። በአጥማጁ አልፈርድም፤ ለአራት ወይም ለስድስት ወር የመጣ ሠራተኛ ነው፣ እንቁላሉን ያመጣው እሱ አይደለም፣ ከመጣበት በፊት የነበረውንም አያውቅም። ስለ እሱ የሚጽፈው ሰው ግን መጠየቅ ነበረበት ባይ ነኝ። ከ10 ኪሎው ዓሣ አጠገብ ለሌላው አንዲት መስመር ቦታ አይጠፋም።

ደሴቶቹ ይህን ከዚህ በፊትም አይተውታል። ከላይ የጠቀስኩት የዋራ ወንዝ ስሙን ያገኘው ዋራ ከሚባል ቀበሮ መሳይ አውሬ ነው። የደሴቶቹ ብቸኛ ነባር የየብስ አጥቢ እንስሳ ነበር። ሰውን አይፈራም ነበር ይባላል። ቻርልስ ዳርዊን በ1833 እና በ1834 እዚያ በደረሰ ጊዜ ይህ እንስሳ በቅርብ ከምድረ ገጽ እንደሚጠፋ ጽፎ ነበር። በጎቻችንን ይበላል እየተባለ ተገደለ፤ በ1876 የመጨረሻው ሞተ። አሁን ሰዎች በስሙ በሚጠራው ወንዝ ላይ ቆመው፣ ከውጭ የመጣ ዓሣ ያጠምዳሉ። እንደ ባሌ ልጅ ይህን ሳነብ ቀይ ቀበሮ ትዝ ቢለኝ የሚፈርድብኝ ያለ አይመስለኝም።

የኬርጌለን ፖስታዎች

የሠራተኛ መዝናኛ ወደ መዝገብ ሊለወጥ እንደሚችል የሚያሳይ ሌላ ደሴት አለ። ኬርጌለን በደቡባዊ ሕንድ ውቅያኖስ የሚገኝ የፈረንሳይ ግዛት ነው። ቋሚ ነዋሪ የለውም፤ የምርምር ጣቢያው ሠራተኞች ብቻ እየተፈራረቁ ይኖሩበታል። አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌለው ከሬዩኒየን ደሴት በመርከብ ነው የሚገባው፤ መርከቧም በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ትመጣለች። እዚያም በ1950ዎቹ ትራውት ተለቀቀ፤ እንደ ፎክላንዱ ሁሉ በባሕር በኩል ወንዝ ለወንዝ ተስፋፋ። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ተመራማሪዎች ከተያዙ ዓሦች ላይ ቅርፊት እየተነሣ ከነመረጃው እንዲቀመጥ ለአሥርት ዓመታት ሲያደርጉ ኖረዋል።

ለምን ቅርፊት? የትራውት ቅርፊት እንደ ዛፍ ግንድ ክብ ክብ መስመር ያወጣል። ዓሣው ወንዝ ውስጥ በዝግታ ሲያድግ መስመሮቹ ይጠባበቃሉ፤ ባሕር ወርዶ ሲጠግብ ይራራቃሉ። በማጉያ መነጽር የሚያይ ባለሙያ ዓሣው ስንት ዓመት ወንዝ እንደቆየ፣ መቼ እንደወረደ ያነበዋል። በፖስታ ውስጥ የገባች አንዲት ቅርፊት፣ ቀኑና ወንዙ ከላይ ከተጻፈባት፣ የአንድ ዓሣ ታሪክ ናት ማለት ነው። ከእነዚህ ፖስታዎች በመነሣት ዓሣው ደሴቲቱን እንዴት እንደወረሰ የሚያሳይ የብዙ ዓመት መረጃ ተሰብስቧል። ለአጥማጁ የጨመረው ድካም አንዲት ደቂቃ ብትሆን ነው።

ወይብ ላይ

አሁን ወደ ባሌ። በ1960ዎቹ ከኬንያ የመጣ ትራውት ወይብን በመሳሰሉ የባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቋል። የእኛዎቹ ባሕር የሚወርዱበት መንገድ የላቸውም፤ ወይብ ወደ ቆላው ሲወርድ ውኃው እየሞቀ ይሄዳል፣ ትራውት ደግሞ ሙቀት አይችልም። እዚያው ደጋው ላይ ይቀራሉ። ልጅ ሆነን «የፈረንጅ ዓሣ» እንለው ነበር፤ ፈረንጆች ዘንግ ይዘው ሲመጡ ከኋላ እየተከተልን ቆመን እናይ ነበርና። ስለ ባሌ በተጻፉ የጉብኝት በራሪ ወረቀቶች ላይ ትራውት ማጥመድ እንደሚቻል ተጠቅሶ ታገኙታላችሁ። ከትራውቱ በፊት ወንዙ ውስጥ ምን ይኖር እንደነበር የሚል መስመር ያለበት ወረቀት ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

በዚህ ዓመት ዕረፍት ወደ ቤት ስሄድ ዲንሾ ላይ ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ጋ ለመቀመጥ አስቤአለሁ። የማቀርብላቸው ጥያቄ ከወዲሁ ተጽፏል፦ አባባ፣ እርስዎ ልጅ ሳሉ ከወይብ ምን ዓይነት ዓሣ ይወጣ ነበር? መልኩ እንዴት ነው? በኦሮምኛ ስሙ ማን ይባላል? መጨረሻ ያዩት መቼ ነው? ከመለሱልኝ እጽፋለሁ። አንደኛው «እኛ ዓሣ አንበላም ነበር፣ ልብ ብለንም አናውቅ» ካሉኝም ያንኑ ከነቀኑና ከነቦታው አሰፍራለሁ።